አንዱን ሳስተካክል ሌላው እንዳይበላሽ፦ በጃንጎ ለተሠራ የድር መተግበሪያ አውቶማቲክ ፍተሻ እንዴት ይጻፋል?

ጃንጎ (በፓይተን የድር መተግበሪያ መሥሪያ) መማር የጀመረ ሰው ባገኘኝ ቁጥር የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ፍተሻ መጻፍ እንዳለብኝ ሰምቻለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር?» መልሱን በቃል ስደጋግመው ኖሬአለሁ፤ ሁልጊዜም አንድ ነገር እረሳለሁ። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ይህን ጽሑፍ ነው። ፍተሻ ስል፣ ኮዳችሁ የሚገባውን መሥራቱን በራሱ የሚያረጋግጥ ሌላ አጭር ኮድ ማለቴ ነው።

ምሳሌያችን የዕቁብ መተግበሪያ ይሁን። 20 ዕቁብተኞች አሉ። እያንዳንዳቸው በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጥላሉ፤ ሰኞ ማታ ዳኛው ዕጣ ያወጣል፤ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ 100,000 ብር ይወስዳል። ይህን የመረጥሁት ደንቡን ለማስረዳት ገጽ ስለማያስፈልገኝ ነው። የእናንተ ሥራ የክሊኒክ ቀጠሮ ወይም የመጋዘን ቆጠራ ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

የትእዛዞችንና የክላሶችን ስም እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌአለሁ። ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል፣ በጃንጎ ሰነድ ላይ እንዳሉት ይሁን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓይተንና ጃንጎ፣ ለፕሮጀክቱ ብቻ በተከፈተ ቬንቭ (ከሌላው የተለየ የፓይተን ማደሪያ) ውስጥ የተጫኑ
- ቢያንስ አንድ ገጹ የሚከፈት ፕሮጀክት (በግማሽ የተሠራም ቢሆን ይበቃል)
- ሰርቨራችሁ ላይ የሚሠራው ዓይነት ዳታቤዝ፤ ፖስትግሬስ ከሆነ እዚህም ፖስትግሬስ
- አዲስ ዳታቤዝ የመፍጠር ፈቃድ ያለው የዳታቤዝ ተጠቃሚ
- ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ)
- ፍሪዝገን (ለፍተሻ ሰዓትን የሚያቆም) እና ከቨሬጅ (በፍተሻ ያልተነካ መስመር የሚያሳይ) የተባሉት ሁለት ትንንሽ የፓይተን ጥቅሎች
- ወረቀትና እስክሪብቶ

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ጥቅሎቹን ለማውረድ ብቻ ነው። በትክክል የተጻፈ ፍተሻ መስመር ተቋርጦም ይሠራል፤ መስመር ሲቋረጥ የሚወድቅ ከሆነ ደረጃ 7ን አንብቡ።

ደረጃ 1፦ መጣስ የሌለባቸውን ደንቦች በወረቀት ጻፉ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱት። ለዕቁባችን እኔ የጻፍኋቸው እነዚህን ነው፦

- ዕጣ የወሰደ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ዳግም ዕጣ ውስጥ አይገባም።
- የሳምንቱን ያልጣለ ሰው ስሙ ዕጣ ውስጥ አይገባም።
- ዕጣ የሚያወጣው ዳኛው ብቻ ነው።
- የሚከፈለው ገንዘብ ከተሰበሰበው ጋር እስከ ሳንቲሙ እኩል ነው።
- የሌላ ዕቁብ አባል የዚህን ዕቁብ መዝገብ አያይም።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው፣ ኮዱን እያያችሁ ፍተሻ ከጻፋችሁ የምትፈትሹት ኮዱ የሚያደርገውን እንጂ ማድረግ የሚገባውን ስላልሆነ ነው። ስህተቱ ራሱ «ትክክል ነው» ተብሎ ማኅተም ይመታበታል። ጃንጎን ራሱን መፈተሽም አያስፈልግም። «አባል ሲመዘገብ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል?» የሚለውን የጃንጎ ሠሪዎች ፈትሸውታል። የእናንተ ሥራ እናንተ የጻፋችሁትን ደንብ መጠበቅ ነው፤ ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ገንዘብ ከሚንቀሳቀስበት ደንብ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ፍተሻዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ አዘጋጁ

ጃንጎ አዲስ አፕ ሲፈጥር «ቴስትስ» የተባለ አንድ ፋይል አብሮ ያስቀምጣል። አጥፉትና በምትኩ በዚያው ስም ፎልደር ፍጠሩ። ውስጡ «ኢኒት» የሚባለውን ባዶ ፋይል አስቀምጡ፤ ከዚያ ለሒሳብ አንድ፣ ለዕጣ አንድ፣ ለገጾች አንድ ፋይል ክፈቱ።

የፋይሎቹም የፈንክሽኖቹም ስም «ቴስት» በሚለው ቃል መጀመር አለበት። ጃንጎ ፍተሻን የሚያገኘው በስሙ ነው፤ ስሙ በሌላ ቃል ከጀመረ አይነሣም፣ አለመነሣቱንም የሚነግራችሁ የለም። ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለው ስም ግን በአማርኛ ቢሆን ፓይተን አይከፋውም። የእኔ አንዱ ፍተሻ «ቴስት_ዕጣ_የወሰደ_ዳግም_አይገባም» ይባላል። ሲወድቅ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ይኸው ስም ስለሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን ሳልከፍት ምን እንደተበላሸ አውቃለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎልደሩን ፈጥራችሁ አሮጌውን ፋይል ሳታጠፉ ከቀራችሁ፣ ፓይተን በአንድ ስም ሁለት ነገር ያገኝና የኢምፖርት ስህተት ይሰጣል።

ደረጃ 3፦ አንድም ነገር ሳትጽፉ አስነሡት

ተርሚናሉ ላይ ማኔጅ የተባለውን ፋይል «ቴስት» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አስነሡ። የተገኘ ፍተሻ እንደሌለ ይነግራችኋል። የዳታቤዝ ፈቃድ ችግር ካለ በባዶ ሜዳ ማወቅ ይሻላል፤ ለዚህ ነው አሁኑኑ የምናስነሣው። ፍተሻ ከጻፋችሁ በኋላ ያው ችግር ሲመጣ ጥፋቱ የፍተሻው ይሁን የፈቃዱ መለየት ያስቸግራል። ዳታቤዙ የሚፈጠረው ዳታቤዝ የሚነካ ፍተሻ ሲኖር ብቻ ከሆነባችሁ፣ ይህን ምርመራ ደረጃ 5 ላይ ድገሙት።

ጃንጎ ለፍተሻ የእናንተን ዳታቤዝ አይነካም። በስሙ ፊት «ቴስት» እና የግርጌ ሰረዝ የተጨመረበት ሌላ ዳታቤዝ ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚሠራ ቀላል ዳታቤዝ) ከሆነ ደግሞ በነባሪው አሠራር በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ ብቻ ይፈጠራል።

መብራት በፍተሻው መካከል ቢሄድ ያ ዳታቤዝ ሳይጠፋ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ «ያለውን ላጥፋው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ስሙ በ«ቴስት» መጀመሩን በዓይናችሁ አይታችሁ «የስ» በሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚለየው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ካሽ (ለፍጥነት ተብሎ ለጊዜው የሚቀመጥ መረጃ) እና ተጠቃሚ የሚጭናቸው ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር አይለዩም። አባል ፎቶ ሲጭን የሚፈትሽ ፍተሻ ከጻፋችሁ፣ ፎቶው እውነተኛው ፎልደር ውስጥ ይከመራል። «ኦቨርራይድ ሴቲንግስ» በሚባለው መሣሪያ የ«ሚዲያ ሩት»ን አድራሻ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር አዙሩት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ፍተሻ በሒሳብ ላይ ጻፉ

ዳታቤዝም ገጽም ከማያስፈልገው ጀምሩ። ዕቁብ ውስጥ አንድ ዕጣ ለሁለት ለሦስት ሰው መካፈል የተለመደ ነው። 100,000 ብር ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 33,333.33 ብር ይደርሳል። ሦስቱን መልሳችሁ ደምሩ፤ 99,999.99 ይመጣል። አንድ ሳንቲም የት ገባች?

ፍተሻችን ይህችን ሳንቲም ይጠብቃል። ሁሉም ፍተሻ ሦስት ክፍል አለው፦

ዝግጅት፦ 100,000 ብርና ሦስት ተካፋዮች።
ድርጊት፦ አካፋዩን ፈንክሽን ጥሩት።
ማረጋገጫ፦ የሦስቱ ድርሻ ድምር ልክ 100,000.00 መሆኑን፣ በትልቁና በትንሹ ድርሻ መካከል ያለው ልዩነትም ከአንድ ሳንቲም አለመብለጡን።

ለዚህ «ሲምፕል ቴስት ኬዝ» የተባለውን ክላስ ተጠቀሙ፤ ዳታቤዝ እንድትነኩ ስለማይፈቅድ ሳታስቡት ፍተሻውን እንዳታከብዱት ይጠብቃችኋል። ገንዘቡን በ«ዴሲማል» ያዙ፤ ቁጥሩንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንደ ጽሑፍ ስጡት። 0.1ን ያለ ጥቅስ ለዴሲማል ብትሰጡት፣ ቁጥሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ፍሎት (በግምት የሚያዝ የነጥብ ቁጥር) ሆኖ ስለሚያልፍ 0.1 ሳይሆን ለእርሱ በጣም የቀረበ ረጅም ክፍልፋይ ይደርሰዋል።

አስነሡት። አለፈ? አሁን ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ቀሪዋን ሳንቲም ለመጀመሪያው ተካፋይ የሚጨምረውን መስመር አጥፉና እንደገና አስነሡ፤ መውደቅ አለበት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ሲወድቅ ያላያችሁት ፍተሻ ማለፉ ምንም አይነግራችሁም፤ ጨርሶ ሳይነሣ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ አዲስ ፍተሻ ይህን አድርጉ፤ ጊዜው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

ደረጃ 5፦ ዳታቤዝ የሚነካውን ደንብ ፈትሹ

አሁን «ቴስት ኬዝ» ወደተባለው ክላስ እናልፋለን። ይህ ክላስ እያንዳንዱን ፍተሻ በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም አብረው በሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች ጥቅል) ይከብበዋል፤ ፍተሻው ሲያልቅ የጻፈው ሁሉ ይሰረዛል። አንዱ ፍተሻ የመዘገበውን አባል ሌላው አያየውም ማለት ነው። ሁሉም የሚጋሩትን ነገር፣ ለምሳሌ ዕቁቡንና 20ውን አባላት፣ «ሴትአፕ ቴስት ዳታ» በሚባለው ውስጥ አስቀምጡ፤ ለክላሱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚፈጠሩ ጊዜ ይቆጥባል። «ሴትአፕ» የሚባለው ግን ከእያንዳንዱ ፍተሻ በፊት ይደገማል።

ዕጣ በዘፈቀደ ነው የሚወጣው። ታዲያ ውጤቱ የማይታወቅ ነገር እንዴት ይፈተሻል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕጣውን መቶ ጊዜ አውጥቶ «አንዴም አልተደገመም» ማለት ይቃጣዋል። እንዲህ ያለው ፍተሻ ዘገምተኛ ነው፤ የዛሬ መልሱም ከነገው ላይገጥም ይችላል። ይልቅ ዘፈቀዱ ምርጫ እንዳይኖረው አድርጉት፦ ከ20ው አባላት 19ኙ ዕጣ የወሰዱ አድርጋችሁ መዝግቡ፣ ዕጣ አውጡ፣ የወጣለት ሃያኛው መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ ያ ሃያኛው የሳምንቱን ያልጣለ አድርጉት፤ አሁን ዕጣው ለማንም መውጣት የለበትም፣ ኮዳችሁም በሥርዓት «ዕጣ ውስጥ የሚገባ የለም» ማለት አለበት። የእኔ ኮድ መጀመሪያ ሲጻፍ እዚህ ላይ ከባዶ ዝርዝር ሊመርጥ ሞክሮ ተሰናክሏል። እንዲህ ያለው ነገር በፍተሻ ካልተያዘ የሚያዘው ሰኞ ማታ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው።

አንድ ሰው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ዳታቤዙ ላይ ገደብ ካስቀመጣችሁ፣ ገደቡን ስትፈትሹ የሚገጥማችሁ ወጥመድ አለ። ዳታቤዙ መዝገቡን እምቢ ሲል ትራንዛክሽኑ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ፍተሻ ውስጥ የምትጠይቁት ሁሉ «የትራንዛክሽን አያያዝ ስህተት» ብሎ ይመለሳል። እምቢታውን የሚቀሰቅሰውን መስመር ብቻ፣ የራሱን ትንሽ ትራንዛክሽን በሚሰጠው በ«አቶሚክ» ክበቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ በኤስኪውላይት ፈትሻችሁ በፖስትግሬስ አትሥሩ። ዳኛው አዝራሩን ሁለት ጊዜ ቢጫን ሁለት ዕጣ እንዳይወጣ መዝገቡን ለአንድ ጠያቂ ብቻ የሚቆልፈውን «ሰሌክት ፎር አፕዴት»ን ከተጠቀማችሁ፣ ኤስኪውላይት መዝገቡን አይቆልፍም፤ ስህተትም አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የጽሑፍ ርዝመት ገደብም በኤስኪውላይት በኩል አይጠበቅም።

ደረጃ 6፦ ገጹን በአራት ሰው ዓይን ጎብኙ

ጃንጎ «ክላየንት» የሚባል ብሮውዘር መሰል መሣሪያ አለው። ሰርቨር ሳይነሣ ገጽ ይጠይቃል፣ ቅጽ ይሞላል። የዕጣ ማውጫውን ገጽ አራት ሰው እንዲጎበኘው አድርጉ፤ ቁጥሮቹ ሰርቨሩ የሚሰጣቸው የመልስ ኮዶች ናቸው (302 ወደ ሌላ ገጽ ሂድ፣ 404 አልተገኘም፣ 403 ተከልክሏል፣ 200 ተሳክቷል)፦

- መለያ ያልከፈተ እንግዳ፦ ወደ መግቢያው ገጽ መመለስ አለበት፣ ማለትም 302።
- የሌላ ዕቁብ አባል፦ 404። 403 ብትሰጡት ዕቁቡ መኖሩን ነገራችሁት ማለት ነው።
- የዚሁ ዕቁብ ተራ አባል፦ 403።
- ዳኛው፦ 200።

ለመግባት በየፍተሻው የይለፍ ቃል መሙላት አያስፈልግም፤ «ፎርስ ሎግኢን» በቀጥታ ያስገባል። የገጹንም አድራሻ በእጅ አትጻፉ፤ በ«ሪቨርስ» በስሙ ጥሩት፤ አድራሻው ነገ ቢለወጥ ፍተሻው አብሮ ይለወጣል።

አምስተኛ ፍተሻ ጨምሩ፦ ዳኛው ገጹን በ«ጌት» (ገጽ ለማየት ብቻ በሚላክ ጥያቄ) ቢጠይቅ ዕጣ መውጣት የለበትም። ዕጣ የሚወጣው በ«ፖስት» (ቅጽ ተሞልቶ በሚላክበት ጥያቄ) ብቻ ነው። ሊንክ ስለተከፈተ ብቻ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት መተግበሪያ፣ አንድ ቀን ሊንኩን በሚከፍት ሶፍትዌር እጅ ይወድቃል።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ፍተሻ ነበረኝ፤ የክፍያ ቅጽ ሞልቶ ይልክና መልሱ 200 መሆኑን ያረጋግጣል። ለወራት ሲያልፍ ኖረ። አንድ ቀን ኮዱን ሳበላሸው አሁንም አለፈ። ገብቼ ሳየው ቅጹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሳጥን ጎድሎት ሳይመዘገብ ይመለስ ነበር፤ ጃንጎ ደግሞ ስህተት ያለበትን ቅጽ መልሶ ሲያሳይ የሚሰጠው ቁጥር 200 ነው። አንድም ክፍያ ተመዝግቦ አያውቅም! ስለዚህ ከፖስት በኋላ ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ መልሱ ወደሚቀጥለው ገጽ የሚመራ 302 መሆኑን፣ ዳታቤዙ ውስጥም ክፍያው በትክክለኛው መጠን መኖሩን።

ክላየንቱ በነባሪው አሠራር የ«ሲኤስአርኤፍ» ጥበቃን (ሌላ ድረ ገጽ በተጠቃሚው ስም ቅጽ እንዳይልክ የሚከለክለውን) እንደማያስፈትሽም እወቁ። ቅጹ ላይ መለያ ቁልፉን ረስታችሁ ቢሆን ፍተሻው አይነግራችሁም፤ ገጹን አንዴ በእውነተኛ ብሮውዘር ሞክሩት።

ደረጃ 7፦ ወደ ውጭ የሚወጣውን መስመር ቁረጡ

ዕጣ ሲወጣ ለባለ ዕጣው አጭር የስልክ መልእክት ይላካል። ፍተሻው ግን በምንም መንገድ እውነተኛ መልእክት መላክ የለበትም፦ ገንዘብ ይፈጃል፣ መስመር ሲቋረጥ ይወድቃል፣ ሰው ያስደነግጣል። እኔ ስጀምር የምሞክርባቸውን ስልኮች ከራሴ ስልክ ማውጫ ገልብጬ ነበር። በአንድ ምሽት ሰባት ዘመዶቼ «ዕጣ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ደረሳቸው፤ አክስቴ ገንዘቡን እስከ አሁን ትጠይቀኛለች። የእውነተኛ ሰው ስልክ በፍተሻ ውስጥ አታስገቡ።

መልእክት ላኪውን ፈንክሽን በ«ፓች» በማስመሰያ ተኩት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መጠራቱንና በትክክለኛው ቁጥር መጠራቱን አረጋግጡ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የሚተካው ፈንክሽኑ የተጻፈበት ፋይል ሳይሆን የሚጠራበት ፋይል ውስጥ ያለው ስም ነው። ላኪው «መልእክት» በሚባል ፋይል ተጽፎ ወደ «ቪውስ» ኢምፖርት ከተደረገ፣ መተካት ያለበት በቪውስ ውስጥ ያለው ነው። አለበለዚያ ማስመሰያው አንድ ጥግ ቆሞ እውነተኛው ፈንክሽን ሥራውን ይቀጥላል። ለተጨማሪ ጥንቃቄ በፍተሻ ቅንብር ውስጥ የአገልግሎቱን ቁልፍ ባዶ አድርጉት።

ለኢሜይል ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ጃንጎ በፍተሻ ጊዜ ኢሜይል ወደ ውጭ አይልክም፤ «አውትቦክስ» በሚባል ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከፍታችሁ ማንበብ ነው።

መልእክቱን ገንዘቡ መመዝገቡ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲላክ በ«ኦን ኮሚት» ካዘጋጃችሁት (ማዘጋጀትም ይገባችኋል)፣ በቴስት ኬዝ ውስጥ አይላክም፤ ትራንዛክሽኑ ስለሚሰረዝ የመጽደቂያው ጊዜ አይመጣም። «ካፕቸር ኦን ኮሚት ኮልባክስ»ን «ኤክሲኪዩት» ትሩ ብላችሁ ተጠቀሙ።

ደረጃ 8፦ የእኛን ቀን፣ ሰዓትና ፊደል ፈትሹ

የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ እኔ ካየኋቸው ስህተቶች ግን ብዙዎቹ ከዚህ የወጡ ናቸው።

ቀን። የዘመን መለወጫን በጳጉሜን ዙሪያ ፈትሹ፤ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው። እነዚህን ጥንዶች በቀጥታ ወደ ፍተሻችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ በስተግራ ያለው በእኛ፣ በስተቀኝ ያለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፦

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 = ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023
መስከረም 1 ቀን 2016 = ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023
ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 = ጃንዋሪ 7 ቀን 2024
መስከረም 1 ቀን 2017 = ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 = ጃንዋሪ 7 ቀን 2025

ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ስትሰጡት ኮዳችሁ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ማለቱንም አረጋግጡ።

ሰዓት። ዋሽንግተን ያለ ዕቁብተኛ በሐምሌ ወር ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ ዕቁቡን ጣለ እንበል። አዲስ አበባ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በግሪንዊች ደግሞ ገና ሰኞ ነው። ጃንጎ ሰዓቱን በግሪንዊች ይይዛል፤ «ታይምዞን ናው»ን ጠርታችሁ ቀኑን ብቻ ብትወስዱ ሰኞ ይሰጣችኋል፣ ዘግይቶ የጣለው ሰው በሰዓቱ እንደጣለ ይቆጠራል። «ሎካል ዴት»ን ስትጠቀሙ ግን፣ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ከተሞላ፣ ማክሰኞ ይላል። ልዩነቱ የሚታየው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቀን ቀን የምትሠሩ ሰዎች አታዩትም። በፍሪዝገን ሰዓቱን ከሌሊቱ 7 ላይ አቁማችሁ ፈትሹት።

ፊደል። ጸሐፊው «ሀይሉ» ብሎ ሲፈልግ «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበው አባል መውጣት አለበት፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»ም እንዲሁ። ዳታቤዙ እነዚህን እንደተለያዩ ስሞች ነው የሚያያቸው። ፍተሻውን ጻፉ፣ ሲወድቅ እዩት፣ ከዚያ ስሙን ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ በተጠቃለሉበት ሌላ ዓምድ ውስጥም መዝግቡት።

ስምን ለገጽ አድራሻ ወደሚሆን ጽሑፍ የሚለውጠው የጃንጎ «ስለግፋይ» በነባሪው ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ ይጥላል። «የመርካቶ ዕቁብ» ብላችሁ ብትሰጡት ከስሙ አንድ ፊደል አይተርፍም። «አላው ዩኒኮድ» ካላችሁት ፊደሉ ይቆያል፤ ነገር ግን በአድራሻ ዝርዝሩ ላይ «ስለግ» የሚባለው መቀበያ ላቲን ብቻ ስለሚቀበል ገጹ አይገኝም። ለሁለቱም ፍተሻ ያስፈልጋል።

በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ቁጥርም አለ። ፓይተን ፩ን «ኢዝ ዲጂት?» ሲባል አዎ ይላል፤ «ወደ ቁጥር ለውጠው» ሲባል ግን ስህተት ይጥላል። የስልክ ቁጥር በዚህ መንገድ የምታረጋግጡ ከሆነ ይህን አንድ ፊደል በፍተሻ ላኩት። ስልኩ በ09ም ሆነ በ07 ቢጀምር፣ 251ም ቢቀድመው ወደ አንድ መልክ መምጣቱን እግረ መንገዳችሁን አረጋግጡ።

የመልእክቱን ርዝመትም አትርሱ። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አጭር መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ ይከፈላል፣ የሁለት ዋጋም ሊያስከፍል ይችላል። በረጅሙ የአባል ስም ሞልታችሁ ከ70 አለመብለጡን የሚያይ አንድ ፍተሻ ጻፉ።

ደረጃ 9፦ አፍጥኑት፤ ከዚያ በራሱ እንዲነሣ አድርጉት

የሚያዘገይ ፍተሻ ማንም አያስነሣውም። ለፍተሻ ብቻ በሚያገለግል ቅንብር የይለፍ ቃል መሰወሪያውን ወደ «ኤምዲ5» ለውጡ፤ እውነተኛው መሰወሪያ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ የተደረገ ነው። በእውነተኛው ሰርቨር ላይ ግን ይህን በፍጹም አታድርጉ። ስትሠሩ «ኪፕ ዲቢ» ዳታቤዙን በየጊዜው ከመፍጠር ያድናችኋል፤ «ፌይልፋስት» በመጀመሪያው ውድቀት ላይ ያቆማል፤ «ፓራለል» ሥራውን ለኮምፒውተሩ ኮሮች ያካፍላል።

ከዚያ ኮዱ ወደ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ሲላክ፣ ፍተሻው የዚያው ድረ ገጽ መሣሪያ በሆነው በጊትሃብ አክሽንስ በራሱ እንዲነሣ አድርጉ፤ የወደቀ ፍተሻ ያለው ለውጥ ከዋናው ቅርንጫፍ ጋር እንዳይቀላቀልም ከልክሉ። ሰው ይረሳል፤ በተለይ ዓርብ ማታ። እዚያም ፖስትግሬስ ይነሣ።

ከቨሬጅ የትኛው መስመር በፍተሻ እንዳልተነካ ያሳያችኋል። ያልተነካውን ለማግኘት ጥሩ ነው። መቶኛውን ግን አታሳድዱት፦ መስመሩ ተነሥቷል ማለት ውጤቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ያ 200 ብቻ የሚያየው ፍተሻዬም በከቨሬጅ ዘንድ ምስጉን ነበር።

የተለመዱ ስህተቶች

«ዳታቤዝ ለመፍጠር ፈቃድ የለም» ይላል። የፖስትግሬስ ተጠቃሚያችሁ «ክሪኤት ዲቢ» የተባለው መብት የለውም። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስጡት፤ በሰርቨሩ ላይ አትስጡት፣ ፍተሻም እዚያ አታስነሡ።

የጻፋችሁት ፍተሻ አይቆጠርም። ስሙ በ«ቴስት» አልጀመረም፣ ኢኒት ፋይሉ የለም፣ ወይም በአንድ ክላስ ውስጥ ሁለት ፍተሻ አንድ ስም ይዘው የኋለኛው የፊተኛውን ሸፍኖታል።

ገጹ ላይ በዓይናችሁ የምታዩትን ጽሑፍ «አሰርት ኮንቴንስ» አላገኘሁም ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ካለ ጃንጎ በኤችቲኤምኤል ምልክት ይተካዋል። ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር ደግሞ የቃል መለያው ሁለት ነጥብ (፡) እና የላቲኑ ኮሎን (:) ይምታታሉ፤ ኮዱ ለሁለቱ የተለያየ ነው።

ለብቻው ሲነሣ ያልፋል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነሣ ይወድቃል። አንዱ ፍተሻ ለሌላው የተወው ነገር አለ። በ«ሪቨርስ» ወይም በ«ሸፍል» አማራጭ ቅደም ተከተሉን ለውጣችሁ አስነሡና የትኛው ተከትሎ ሲመጣ እንደሚወድቅ ለዩ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ካሽ ነው፤ ዳታቤዙ ሲሰረዝ እርሱ አይሰረዝምና። በክላሱ ሴትአፕ ውስጥ «ካሽ ክሊር»ን ጥሩት።